ከቆቦ ማሽላ እስከ ገዳሪፍ ማሽላ



ከወልድያ ወደ ሰሜን የሚወስደውን መንገድ የምታውቁት ታውቁታላችሁ፤ የማታውቁት ደግሞ ዛሬ ከእኛ ጋር ትጓዛላችሁ። ጊዜው ጥቅምት 2017 ነው። ከአዲስ አበባ ተነስተን፣ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ አቋርጠን ወደ ቆቦ የወረድነው በሁለት ጉዳይ ነበር። አንደኛው ዘመድ ጥየቃ ነው። ሁለተኛው አንድ የቀድሞ ተማሪያችንን "አፉ በለን" ለማለት ነው። "መምህር ሆኖ ተማሪውን ይቅርታ ለመጠየቅ ይህን ሁሉ አገር ያቋርጣል ወይ?" የሚል አንባቢ ቢኖር፣ ነገሩን ሰምቶ እስኪጨርስ ድረስ እንዲታገሰን እንለምነዋለን።

ቁልቁል ወደ ቆላ

ወልድያን ለቀን ወደ ጎብዬና ወደ ሮቢት ስንወርድ ጃኬታችንን አወለቅን። ሙቀቱ ቆላ መግባታችንን ነገረን። በስተግራ ወደ ግዳንና ወደ ላስታ የሚያወጣው ደጋ እንደ ግድግዳ ቆሟል። በስተቀኝ የዞብል ተራራ ተጋድሟል፤ ከዞብል ጀርባ ያለው የአፋር ምድር ነው። በሁለቱ መካከል የተዘረጋው ሜዳ የራያ ቆላ ይባላል። በጥቅምት ወር ይህን ሜዳ ላየ ሰው ዓለም ሁሉ ማሽላ የሆነ ይመስለዋል። አገዳው ከሰው ቁመት ይበልጣል፤ ራሱ ከብዶት ወደ ጎን ያዘነብላል። በየማሳው መሐል በቆመው ማማ ላይ ልጆች ወንጭፍ ይዘው ወፍ ይጠብቃሉ። ከመኪናው መስኮት ሆነን እጃችንን ስናውለበልብ፣ ወንጭፋቸውን እያሽከረከሩ መለሱልን።

ጎናችን የተቀመጡት አንድ ሽማግሌ ገበሬ ሳንጠይቃቸው አስተማሩን። "ያ ደጋሊት ነው፤ ይኼኛው ጅጉርቲ ነው" እያሉ የማሽላውን ዘር በስም በስሙ ጠሩልን። ለእኛ ግን ሁሉም አንድ ነበር። እርሳቸው ሳቁና፣ "ልጄ፣ ለማያውቅ ሰው ማሽላ ሁሉ አንድ ነው" አሉን። ይህን ቃል ልብ በሉልን፤ ኋላ እንመለስበታለን።

የራያ ቆላ ኑሮ የውሃ ነገር ነው። ዝናቡ በደጋው ላይ ይጥላል፤ ጎርፉ በጎሊናና በሆርማት ወንዞች ይወርዳል፤ ገበሬው ደግሞ ጎርፉን ጠልፎ ወደ ማሳው ያስገባዋል። ከከርሰ ምድር በሚወጣ ውሃ ሽንኩርትና ቲማቲም የሚያለማም አለ። ዝናቡ ከዘገየ ግን ቆላው ይጨነቃል። ለዚህም ነው በዚህ አገር ሰው ሰላምታ ሲለዋወጥ፣ ከልጆቹና ከከብቶቹ ደኅንነት ቀጥሎ የዝናቡን ነገር ሳይጠይቅ የማያልፈው።

አገሩ በዘመናችን ብዙ ፈተና አይቷል። በ2013 ጥቅምት የበረሃ አንበጣ ለአጨዳ የደረሰውን ማሽላ አወደመው። በዚያው ዓመት ሐምሌ ጦርነቱ ቆቦ ገባ፤ እስከ ታኅሣሥ 2014 ድረስ ከተማዋ ብዙ መከራ አሳለፈች። በነሐሴ 2014 ውጊያው እንደገና አገረሸ። አላህ የሞቱትን ይማራቸው፤ የቀሩትንም ያጽናቸው። እኛ ዛሬ የምንጽፈው ስለ ጦርነቱ አይደለም። ነገር ግን የምንጽፍላቸው ሁለት ወጣቶች ወዳጅነት ያደገው በዚህ መካከል ስለሆነ ሳናነሳው ማለፍ አልቻልንም።

የመገናኛ አገር

ቆቦ ከጥንትም የመገናኛ አገር ናት። በገበያዋ ደገኛው ገብሱንና ባቄላውን፣ ቆለኛው ማሽላውንና ጤፉን፣ የአፋር ወንድሞቻችን ግመላቸውንና ፍየላቸውን ይዘው ይገናኛሉ። አማርኛ፣ ትግርኛና አፋርኛ በአንድ ገበያ ይሰማሉ። ዋጋ የሚቆረጠው ግማሽ በአፍ፣ ግማሽ በጣት ምልክት ነው። ቋንቋ ባይገባ እንኳ ሻጭና ገዢ ተግባብተው ይለያያሉ።

ዒልምም እንዲሁ ሰውን ሲያገናኝ ኖሯል። ወሎ በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጃማ ንጉሥን፣ ጌታንና ዳናን የመሳሰሉ ታላላቅ የትምህርት ማዕከሎች ነበሯት። ዳና ከቆቦ በስተደቡብ በየጁ ምድር የሚገኝ ነው። ወደነዚህ ቦታዎች ደረሳው ስንቁን በትከሻው አንግቶ ከሩቅ አገር በእግሩ ይመጣ ነበር። አንዱ ነህው ሊቀራ፣ ሌላው ፊቅህ ሊቀራ ይመጣና በአንድ ጎጆ ያድራሉ፤ የተገኘውን እህል ይካፈላሉ፤ ማታ ማታ በእሳት ብርሃን ትምህርታቸውን እየተጠያየቁ ይወዳደራሉ። ከዚያም አልፎ ባሕር የተሻገረ አለ። በካይሮው አል-አዝሃር የኛ አገር ተማሪዎች የሚያድሩበት "ሪዋቀል ጀበርት" የሚባል ክፍል ነበረ። ናፖሊዮን ግብፅን ሲወር ያየውን የጻፈው ታላቁ የታሪክ ጸሐፊ ዐብዱረሕማን አል-ጀበርቲም የዘር ሐረጉ የሚመዘዘው ከዚሁ ከኛው ቀንድ ነው።

ስለዚህ "ከዓለም ዙሪያ ጓደኛ ማፍራት" ሲባል ለኛ አዲስ ነገር አይደለም። አዲስ የሆነው መንገዱ ነው።

ስታዲየሙ

ሰኔ 5 ቀን 2014፣ እሑድ ዕለት፣ በአዲስ አበባ ስታዲየም ዓለም አቀፍ የቁርኣንና የአዛን ውድድር ተካሄደ። እንዲህ ያለ ውድድር በሌላው ዓለም የቆየ ነው። በማሌዥያ እ.ኤ.አ. ከ1960ዎቹ መጀመሪያ፣ በመካ ደግሞ ከ1979 ጀምሮ ሲካሄድ ቆይቷል፤ የዱባዩ ሽልማት በ1997 ተመሠረተ። በካይሮ በ2010 ስለተካሄደው ውድድር አንድ ዘጋቢ ፊልም ተሠርቷል። ፊልሙ ከሴኔጋል፣ ከማልዲቭስና ከታጂኪስታን የመጡ ሦስት የ10 ዓመት ልጆችን ይከተላል። ሦስቱም ዐረብኛ አይናገሩም፤ ቁርኣኑን ግን በልባቸው ይዘዋል። እንግዲህ እንዲህ ያለው ነገር ወደ አገራችን ሲመጣ የኛን የገጠር ልጆች ሳናሳይ መቅረት አልሆነልንም።

እኛ የተወለድነው ቆቦ ነው፤ የምናስተምረው አዲስ አበባ ነው። ክረምት ክረምት ግን ወደ አገራችን እየወረድን ከዞብል ግርጌ ባለች መድረሳ ልጆችን እናቀራለን። ከነዚያ ልጆች መካከል ሦስቱን ለውድድሩ ወደ አዲስ አበባ አስመጣናቸው። ለመወዳደር ሳይሆን ለማየት ነው። ከሦስቱ አንዱ ያን ጊዜ የ16 ዓመት ልጅ ነበር፤ 20 ጁዝእ ሐፍዟል። ስሙን እንዳናነሳ ስላሳሰበን "ተማሪያችን" እያልን እንቀጥላለን። በጦርነቱ ምክንያት ትምህርት ቤቱ ተዘግቶ በቆየባቸው ወራት፣ ከብት እየጠበቀ ነበር አምስት ጁዝእ የጨመረው።

መሊኪና ማሊኪ

ነገሩ የተጀመረው በዋዜማው ቅዳሜ፣ መርካቶ በሚገኘው አንዋር መስጊድ ነው። ከመግሪብ ሶላት በኋላ ልጆቹን ይዘን ጥግ ላይ ተቀምጠን ሳለ፣ አጠገባችን አንድ ነጭ ጀለቢያ የለበሰ ቀይ ዳማ ወጣት ለራሱ ይቀራ ነበር። ከኡምዱርማን አጎቱን ተከትሎ ውድድሩን ሊያይ የመጣ ሱዳናዊ ነው። ፋቲሓን ሲጀምር፣ ተማሪያችን ጆሮውን ቀሰረ። ወጣቱ "ማሊኪ" በማለት ፈንታ "መሊኪ" ብሎ አሳጥሮ አለፈ። ተማሪያችን አልቻለም፤ ጠጋ ብሎ ትከሻውን ነካና "ማሊኪ!" አለው። ሱዳናዊው ፈገግ ብሎ "መሊኪ" ብሎ ደገመው። ተማሪያችን ፊቱ ቀልቶ ወደ እኛ መጣ።

"ኡስታዝ፣ ይኼ ሰውዬ ፋቲሓን እንኳ አያውቅም! ብነግረውም እንቢ አለኝ!"

እኛም ሳቃችንን ይዘን አስቀመጥነው። ቁርኣን ከነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በተያያዘ ሰንሰለት የተላለፉ የታወቁ የአቀራር ስልቶች እንዳሉት አስረዳነው። እኛ ዛሬ የምንቀራው ሐፍስ ከዓሲም ባስተላለፈው ነው። በሱዳን አድ-ዱሪ በአቡ ዓምር መንገድ ያስተላለፈው ሲቀራ ኖሯል፤ በሰሜንና በምዕራብ አፍሪካ ብዙ አገሮች ደግሞ ወርሽ ከናፊዕ ያስተላለፈው ይቀራል። በነአቡ ዓምርና በነናፊዕ መንገድ ቃሉ የሚነበበው "መሊኪ" ተብሎ ነው። ይህ ስህተት ሳይሆን ቂርኣት ነው። እንዲያውም የአቡ ዓምር አቀራር በኛው በአፍሪካ ቀንድ የቆየ ስለሆነ በሐረር የድሮ የእጅ ጽሑፍ ቁርኣኖች ውስጥ ይገኛል።

ልጁ ዝም አለ። ከዚያ ቀስ ብሎ፣ "እኔኮ ስህተቱን ያረምኩለት መስሎኝ ነው" አለ። ተነስቶ ሄደና ሱዳናዊውን "አፉ በለኝ" ለማለት ሞከረ። የተናገረው ግን ከኣጁሩሚያ የተማረውን፣ ኢዕራቡ ሁሉ የተጠበቀ ዐረብኛ ነበር። ሱዳናዊው በሳቅ ፈረሰ። "አንተ እንደ መጽሐፍ ነው የምታወራው!" አለው። ልጁም የሱዳኑን የመንደር ዐረብኛ ግማሹን እንኳ አልሰማውም። እንደ ቆቦ ገበያ፣ ግማሹን በአፍ ግማሹን በጣት ተግባቡ።

እስከ ዒሻ ድረስ አልተለያዩም። አንዱ በሐፍስ ይቀራል፣ ሌላው በዱሪ ይመልሳል፤ የሚለያዩበት ቦታ ሲደርሱ ቆም ብለው ይሳሳቃሉ። ሱዳናዊው በልጅነቱ ኸልዋ በሚባለው የቁርኣን ቤት በሉሕ ላይ እየጻፈ፣ ሌሊት በእሳት ዙሪያ እየቀራ እንዳደገ ነገረው። የኛው ልጅም "እኛም እንዲሁ!" አለ። ሱዳናዊው እናቱ ከማሽላ ሊጥ ስለምትጋግረው ኪስራ ሲያጫውተው፣ የኛው ልጅ የማሽላ እንጀራን በእጁ እያዞረ አሳየው። ከዚያ ምሽት ጀምሮ ወንድማማች ሆኑ።

በማግሥቱ ስታዲየም ውስጥ ጎን ለጎን ተቀመጡ። ከልዩ ልዩ አገር የመጡ ልጆች እየተነሱ ሲቀሩ አዳመጥን። ብዙዎቹ በቤታቸው ሌላ ሌላ ቋንቋ የሚናገሩ ናቸው። ዳኞች በእንዲህ ያለ ውድድር የሚቆጥሩት ስህተትን ነው፤ የረሳ፣ የተደናቀፈ፣ መድዱን ያሳጠረ ነጥብ ይቀነስበታል። ይህም ተገቢ ነው። ነገር ግን ተማሪያችን ከዚያ ስታዲየም ይዞት የወጣው ትምህርት ሌላ ነበር። "ኡስታዝ፣ ዛሬ አንድም ሰው ተሳሳተ ብዬ አልቸኮልኩም" አለን። በሱረቱል ሑጁራት ሕዝቦችና ነገዶች የተደረግነው እንድንተዋወቅ መሆኑን ስንቀራ አድገናል። የዚያን ቀን ግን ትርጉሙን ከአንድ የ16 ዓመት ልጅ ፊት ላይ አነበብነው። ደጋሊትን ከጅጉርቲ ያልለየን እኛም፣ ሽማግሌውን ገበሬ ስንሰማ ያ ቀን ነው ትዝ ያለን። ለማያውቅ ሰው ማሽላ ሁሉ አንድ ነው፤ ለማያውቅ ሰው ደግሞ ልዩነት ሁሉ ስህተት ነው።

ስልክ ሲዘጋ

ሁለቱ ስልክ ተለዋውጠው ተለያዩ። ሁለት ወር ያህል በየቀኑ ይጻጻፉ ነበር። ነሐሴ 2014 ላይ ውጊያው ተመልሶ ቆቦ ገባ፤ ስልክም ተቋረጠ። ተማሪያችን ከእናቱ ጋር በዞብል ግርጌ ቀረ። በኛና በእነርሱ መካከል ለወራት አንድ ቃል አልተላለፈም። በጥቅምት 2015 የፕሪቶሪያ ስምምነት ተፈረመ፤ ሰላሙ ከመጣ፣ መስመሩም ከተመለሰ በኋላ ልጁ ስልኩን ሲከፍት ከኡምዱርማን የተላኩ 41 መልእክቶች ጠበቁት። በሁሉም ላይ የተጻፈው አንድ ዓይነት ነበር፤ "ወንድሜ፣ ደኅና ነህ?" መልስ እንደማይመጣ እያወቀ የጻፈ ጓደኛ ነው። እናቱ ይህን ስትሰማ፣ "ይኼ ልጅ ከማን ማሕፀን ወጣ? እኔም እናቱ ነኝ" አለች።

ከዚያ ግን ተራው ተገለበጠ። ሚያዝያ 7 ቀን 2015፣ በረመዷን የመጨረሻዎቹ አሥር ቀናት፣ በካርቱም ጦርነት ተነሳ። አሁን "ወንድሜ፣ ደኅና ነህ?" እያለ መልስ የማያገኘው የኛው ልጅ ሆነ። ከሳምንታት በኋላ ቤተሰቡ ኡምዱርማንን ለቆ ዋድ መደኒ መግባቱን ሰማን። በሐምሌ 2015 መጨረሻ ደግሞ በኛው በአማራ ክልል ግጭት ተነስቶ ኢንተርኔት ተቋረጠ። ልጁ ከጓደኛው ጋር የሚገናኝበት መንገድ ጠፋ። በዚህ ጊዜ ነው እኛን የለመነን።

"ኡስታዝ፣ አንቱ አዲስ አበባ ነዎት፤ ኢንተርኔት አለዎት። እኔ ድምፅ ሲገኝ እደውላለሁ። የምለውን ጽፈው ይላኩልኝ፤ እርሱ የሚለውን ደውለው ይንገሩኝ።"

"እሺ" አልነው። በሁለት ጦርነት መካከል ያለን መልእክተኞች ሆንን። አማናውን ተቀበልን።

ጥፋታችን

በታኅሣሥ 2016 አንድ ማታ የፈተና ወረቀት እያረምን ሳለ ከዋድ መደኒ መልእክት መጣ። "ውጊያው ደርሶብናል፤ ከመደኒ እየወጣን ነው። ወዴት እንደምንሄድ አላውቅም። ለወንድሜ ንገሩልኝ፤ እናቴ ትሙት ትዳን አላውቅም፤ እናቱ ዱዓ ታድርግልን" ይላል። አነበብነው፤ አዘንን። "ነገ ጠዋት እንደውላለን" ብለን ወደ ወረቀታችን ተመለስን። በማግሥቱ የመድረሳ ስብሰባ ነበረብን። ከዚያ በኋላ ደወልን፤ መስመሩ አልሠራ አለ። አንድ ጊዜ ሞክረን ተውነው። ሌላ መልእክት በላዩ ላይ ተደራረበ፤ ነገሩ ከፊታችን ጠፋ።

በ11ኛው ቀን ልጁ ራሱ ደወለ። ነገርነው። "መቼ ነው የላከው?" አለን። ቀኑን ነገርነው። ለረጅም ጊዜ ዝም አለ። በመጨረሻ፣ "ኡስታዝ፣ እርሱኮ ለእኔ 41 ጊዜ ጽፏል" አለና ስልኩን ዘጋ። አልተቆጣም፤ ቢቆጣ ይቀለን ነበር።

ወዲያውኑ ለሱዳናዊው ጻፍን፤ መልስ የለም። በሳምንቱ ጻፍን፤ መልስ የለም። ሱዳናዊው የእናቱን ነገር ሲነግረን፣ እኛ "አላህ ይርዳችሁ" የሚል አንድ ቃል እንኳ አልመለስንለትም ነበር። ረመዷን ገባ፣ ዒድ አለፈ፣ ክረምት ወጣ። ለተማሪዎቻችን ስለ አማና በምናስተምርበት ጊዜ ሁሉ ድምፃችን እየደከመ ሄደ። አማና ማለት የሰው ገንዘብ አደራ ብቻ ይመስለን ነበር። የሰው ቃልም አማና እንደሆነ ያስተማረን ይህ ነው።

የመጣው ድምፅ

በመስከረም 2017 መጨረሻ፣ አንድ ሌሊት ስልካችን ድምፅ አሰማ። ከማናውቀው ቁጥር የተላከ አጭር የድምፅ መልእክት ነው። ከፈትነው፤ እርሱ ነው! በዚያው ደቂቃ፣ ሌሊት ነው ሳንል፣ ቆቦ ደወልን። ሰባት ጊዜ ከሞከርን በኋላ ገባ። "ደኅና ነው! ገዳሪፍ ነው!" አልነው። ልጁ አለቀሰ። ድምፁን በጆሮው መስማት እንደሚፈልግ ነገረን። መንደሩ ላይ ግን ኢንተርኔት አልነበረም። "እናመጣልሃለን" አልነው። እንግዲህ፣ ውድ አንባብያን፣ የጉዟችን ምክንያት ይኸው ነው። መንገዱ የሚኬድበትን ቀን ጠብቀን፣ ያንን ድምፅ በኪሳችን ይዘን ወደ ራያ ቆላ ወረድን።

ከቆቦ ከተማ ወደ ዞብል ግርጌ በእግራችን ሄድን። ልጆች ጥንቅሽ እየመጠጡ በመንገድ ተቀበሉን። ተማሪያችን አሁን የ18 ዓመት ጎልማሳ ሆኗል። ቁርኣኑን አክትሟል፤ በዚያችው መድረሳ ትንንሾቹን ያቀራል። እጃችንን ሊስም ጎንበስ ሲል ያዝነው። እዚያው፣ ሰው እያየ፣ "አፉ በለን፤ አማናህን በልተናል" አልነው። ልጁ ደነገጠ።

"ኡስታዝ፣ እኔ ያኔውኑ አፉ ብያለሁ" አለን። ጥቂት ቆየና ግን እንዲህ ጨመረ፤ "ብቻ ከእንግዲህ የማንም መልእክት ሲመጣ አያሳድሩ።" ልጅ ነው ብለን አላለፍነውም። መካሪያችን ሆነ።

እናቱ ቡና አፈላች። የማሽላ እሸት ተጠብሶ ቀረበ። ስልኩን ረከቦቱ አጠገብ አስቀመጥንና ከፈትነው። በነፋስ የታጀበ የደከመ ድምፅ ተሰማ። እኛ ትርጉሙን እንጽፍላችኋለን። "አሰላሙ ዓለይኩም ወንድሜ። ገዳሪፍ ነን፤ እናቴም ደኅና ናት። ስልኬ ጠፍቶ ነበር፤ ቁጥሩን በወረቀት ጽፌ ስለያዝኩት ነው አሁን ያገኘሁህ። የተጠለልንበት ቤት ዙሪያው ሁሉ ማሽላ ነው። አንተ በእጅህ እያዞርክ ያሳየኸኝ እንጀራ ትዝ አለኝና አገርህ የመጣሁ መሰለኝ። እናንተ ዘንድስ ዘንድሮ ዝናብ ጣለ ወይ?"

ገዳሪፍ የሱዳን ማሽላ በብዛት የሚመረትበት፣ ከአገራችን ድንበር የማይርቅ አገር ነው። ተማሪያችን ለእናቱ ሲተረጉምላት፣ ሲኒ የያዘው እጇ ቆመ። "አገሩ ተቃጥሎበት፣ ከቤቱ ተሰዶ፣ የእኛን ዝናብ ይጠይቃል?" አለች። ነጠላዋን ወደ ዓይኗ ወሰደች። ከዚያ ፈጠን ብላ፣ "በል መልስለት! ጥሏል በለው። አልሐምዱ ሊላህ፣ ዘንድሮ ጥሏል በለው። ማሽላው ደርሷል፤ ድርሻው ተቀምጦለታል በለው" አለችው።

ልጁ ስልኩን አነሳ። ዝናብ መጣሉን፣ ማሽላው መድረሱን፣ እናቱ ያለችውን ሁሉ ነገረው። የሚናገረው ዐረብኛ አሁን እንደ መጽሐፍ አልነበረም፤ የኡምዱርማን የመንደር ዜማ ገብቶበታል። ከቃሉ ማብቂያ ላይ ቢስሚላህ ብሎ ፋቲሓን ቀራለት። እኛም ጆሮአችንን ቀሰርን። "መሊኪ" አለ፤ አሳጥሮ። በወንድሙ አቀራር ነው የቀራው። ትንንሾቹ ደረሶች በበሩ ላይ ተሰብስበው ነበርና አንዱ ሕፃን ጮክ ብሎ፣ "ኡስታዝ ተሳሳቱ! ማሊኪ ነው!" አለ። ተማሪያችን ስልኩን አስቀመጠና ሕፃኑን ወደ ጉያው ሳበው። "ና ተቀመጥ፤ አንድ ታሪክ አለኝ" አለው።

እኛም ቆቦ ከተማ ገብተን ኢንተርኔት እንዳገኘን፣ ከምንም ነገር አስቀድመን ያንን ድምፅ ላክነው። አላሳደርነውም።

ለወላጆችና ለወጣቶች

ውድ ወላጆች፣ ውድ ወጣቶች! ዓለም አቀፍ ውድድር ላይ ቆሞ መሸለም ለጥቂቶች የሚሰጥ ነው። ወዳጅ ማፍራት ግን ተመልካች ሆኖ ጥግ ላይ ለተቀመጠም ይገኛል። ከሌላ አገር የመጣ ልጅ ከእናንተ የተለየ ነገር ሲያደርግ ብታዩ፣ ለማረም ከመቸኮላችሁ በፊት ጠይቁት። ልጆቻችሁ ዐረብኛውንም እንግሊዝኛውንም ለፈተና ብቻ ሳይሆን ሰው ለማናገር እንዲማሩት አድርጉ። የወዳጅን ቁጥር በስልክ ብቻ ሳይሆን በወረቀትም ጻፉ፤ ስልክ ይጠፋል፣ መስመርም ይዘጋል። በችግር ላይ ያለ ሰው የላከው ቃል እጃችሁ ከገባ ደግሞ፣ በእኛ የደረሰው በእናንተ እንዳይደርስ፣ ሳታሳድሩ አድርሱት።

አላህ በሱዳንም፣ በአገራችንም፣ በዓለም ሁሉ ለተፈናቀሉት ወደ ቤታቸው የሚመለሱበትን ቀን ያቅርብላቸው። ለራያ ቆላም ዝናቡን አያጉድልበት። አሚን።

ወሰላሙ ዓለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ።